ዱራሜ ዝም ያለችበት ሰሞን

ከሆሳዕና መናኸሪያ ወደ ዱራሜ የሚሄደው ሚኒባስ «አንድ ሰው ቀረው! አንድ ሰው ብቻ!» እየተባለ እስኪሞላ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የማይተዋወቁ ሁለት ኔትወርኮችን አገናኛለሁ ብዬ በሰው ፊት የማልኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንድ ሰው ቀረው ከተባለ በኋላ አምስት ሰው እንደሚጫን የሚያውቅ መንገደኛ ግን አይፈርድብኝም።

ስሜን አልናገርም። ሆሳዕና ወርዶ «ስልከኛው ሽማግሌ የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው እቤቴ በር ድረስ ተሸኝቶ ይመጣል። ሥራ የጀመርኩት ስልክ ቤት በዘበኛነት ነው። ዱላዬን ይዤ ደጅ ቆሜ የኦፕሬተሩን እጅ በመስኮት እያየሁ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራውን ከእሱ በተሻለ አወቅኩት። አንድ ቀን ሰውየው ወባ ጣለው። ኃላፊያችን «አሁን ማን ይተካዋል?» እያሉ እጃቸውን ሲያፋትጉ፣ ዱላዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ገባሁና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዱላው እዚያው እንደተደገፈ እኔ ጡረታ ወጣሁ። ማንም አላስተማረኝም። እንግሊዝኛውንም ቢሆን ያስተማርኩት ራሴን ነው፤ ተማሪው ፈጣን ስለነበረ አስተማሪው ብዙም አልደከመም።

ባለቤቴ አሚና ግን ይህን ባወራሁ ቁጥር «ታዲያ ዱላውን ማን ወሰደው?» ትላለች። አርባ ምናምን ዓመት አብራኝ ስትኖር ከታሪኬ ሁሉ ያሳሰባት ዱላው ብቻ ነው።

የዚያን ጊዜውን ስልክ ለዛሬ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሰሌዳ ፊቴ ይቆማል። እያንዳንዱ ቀዳዳ የአንድ ቢሮ ወይም የአንድ ነጋዴ መስመር ነው። የሆሳዕና መስመሮች ሁሉ እኔ እጅ ላይ ያልቃሉ። የዱራሜ መስመሮች ሁሉ ደግሞ ሸምሱ በሚባል ከምባታ እጅ ላይ ያልቃሉ። በእኔና በሸምሱ መካከል በእንጨት ምሰሶ ላይ ተንጠልጥላ፣ በአንጋጫ በኩል ተራራውን እየዞረች የምትሄድ አንዲት ሽቦ አለች። ቁራ ሲያርፍባት ድምፃችን የሚወፍር ይመስለን ነበር። ከዚያች ሽቦና ከሁለታችን በቀር ሆሳዕናና ዱራሜ የሚነጋገሩበት መንገድ አልነበረም።

ማለዳ ሥራ ሲጀመር መስመሩ ይፈተሻል። እጀታውን አዙሬ «ዱራሜ! ሆሳዕና ነኝ፤ አለህ?» እላለሁ። «አለሁ፣ ሆሳዕና!» ይላል ሸምሱ። ይኸው ነው ፍተሻው። ቀድሜ የምደውለው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሸምሱ አንድም ቀን ቀድሞኝ አያውቅም። ይህንንም በየሰርጉ፣ ለቅሶ ቤትም ድንኳን ውስጥ ጨዋታ ሲመጣ ሳልናገረው ቀርቼ አላውቅም።

የቋንቋው ነገር ደግሞ አለ። አንድ የገበያ ቀን ከሀቢቾ የመጣ ገበሬ ዱራሜ ያለ አማቹን ሊያነጋግር ገባ። እሱ የሚያውቀው ሀዲይኛ ነው፤ አማቹ ከምባትኛ ብቻ። ስለዚህ እሱ ለእኔ በሀዲይኛ ይናገራል፣ እኔ ለሸምሱ በአማርኛ እነግረዋለሁ፣ ሸምሱ ለአማቹ በከምባትኛ ያደርሳል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመጣል። ገበሬው ስለ አንድ በሬ ጉዳይ ሩብ ሰዓት ያህል ተሳደበ። ጠረጴዛዬን ሁለት ጊዜ በቡጢ መታ። ሲጨርስ ለሸምሱ «ሰላም ብሎሃል፤ በበሬው ነገር ትንሽ ቅር ብሎታል» አልኩት። ሸምሱ ደግሞ፣ በኋላ እንደነገረኝ፣ ለአማቹ «ናፍቆሃል፤ በሬውንም ጠይቋል» ብሎ አደረሰ። ሰዎቹ ታረቁ። በዓመቱ ገበሬው ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ አምጥቶልኝ «አንተ ሰው፣ ምን ብለህ ብትነግረው ነው?» አለኝ። የሙያ ምስጢር ነው አልኩት።

ይህን ሁሉ ያወራሁት በከንቱ አይደለም። ዛሬ የኮምፒውተር ምሁራን ጌትዌይ የሚሉት፣ አንድ ፊቱን ወደዚህኛው ኔትወርክ፣ ሌላውን ፊቱን ወደዚያኛው አዙሮ በመካከል የሚያደርስ መሣሪያ፣ ያን ጊዜ ቆቡን ደፍቶ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር ለማለት ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ልጆቻቸው ርቀውባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጆቹ የላኩላቸው የኢንተርኔት ሣጥን አለ፤ እሱም አቧራ ጠጥቶ መስኮት ላይ ተቀምጧል። እኔ ከእያንዳንዱ ሣጥን ጋር የጠረጴዛ ስልክ አያያዝኩና ሁሉንም እኔ አልጋ ሥር ካለች አሮጌ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁ። ኢንተርኔት እንደ ዋናው አስፋልት ነው፤ የማንም መኪና ይሄድበታል። እኛ በዚያው አስፋልት ላይ ሸራ ለብሰን እንሄዳለን፤ ውስጡ ማን እንዳለ ከእኛ ሌላ ማንም አያይም፤ የምንቆመውም እኛው ቤቶች ደጅ ብቻ ነው። ቨርቹዋል ኔትወርክ ይባላል። ካርታ ላይ የሌለ፣ ሲደወልለት ግን የሚያነሳ መንደር ማለት ነው።

በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ቤት ለቤት እደውላለሁ። «አለህ?» «አለሁ።» «አለሽ?» «አለሁ፣ ጉልበቴ ግን የለም።» ያላነሳ ሰው ካለ ጎረቤት ተልኮ በሩ ይንኳኳል። ሞባይልስ የሚል ሰው አይጠፋም። የሽማግሌ ሞባይል ባትሪው ያልቃል፣ ትራስ ሥር ይገባል፣ አንዳንዴም ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገኛል። የጠረጴዛ ስልክ ግን እንደ ባለቤቱ ነው፤ ከተቀመጠበት አይነሳም፣ ሲጮህም ሰፈር ይሰማል።

ሸምሱ ይህን ሰማና ዱራሜ ላይ የራሱን አቋቋመ። ከእኔ ኮረጀ አልልም፤ ሌላ ሰው ይበለው። አሥራ አራት ቤት አለው። ባለፈው ክረምት ጎረቤቱ ወይዘሮ ብርቄ የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ ጓዳቸው ውስጥ ወድቀው መነሳት ሲያቅታቸው የተደረሰላቸው፣ ማለዳ ሸምሱ ሲደውል ስልኩን ባለማንሳታቸው ነው። ሁለቱ ኔትወርኮች ግን እርስ በርስ አይተያዩም ነበር። አገናኙን ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔና ሸምሱም እያንዳንዳችን በራሳችን መንደር ንጉሥ ስለነበርን ማን ለማን አቤት ይላል?

አንድ ቀን የሸምሱ ልጅ ዘሀራ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ።

«አባባ፣ የአባዬ ዓይን በጣም እየደከመ ነው። በማጉያ መነጽርም ፊደል አይለይም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ልወስደው ነው፤ እዚሁ እኔ ጋ ይኖራል።»

«እሺ አለሽ?»

«ቤቶቹን ለማን ትቼ ነው የምሄደው እያለ አስቸገረኝ። ከእርስዎ ሌላ የሚችል የለም ይላል።»

«ይህን ራሱ ነው ያለው? በአፉ?»

«በአፉ ነው፣ አባባ።»

እንግዲህ እንዲህ ተብሎ ማን ይተኛል? ሁለቱ ኔትወርኮች ከተገናኙ የዱራሜን ቤቶች እዚሁ ሆሳዕና ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ። ካልተገናኙ ሸምሱ በሄደ ማግስት አሥራ አራት ስልክ ዝም ይላል፤ ወይዘሮ ብርቄ ዳግም ቢወድቁ የሚያውቅላቸው የለም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊዱ ደጅ ላይ፣ ሰው ጫማውን ሲያደርግ፣ «ሚኒባስ እስኪሞላ ባለው ጊዜ አገናኛቸዋለሁ!» ብዬ የማልኩት ያን ጊዜ ነው። ከመሐላ በፊት ትንሽ ማሰብ ጥሩ መሆኑን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

የመጀመሪያው ጠብ በቁጥር ተነሳ። የእኔ መንደር ውስጥ የእኔ ስልክ አንድ ቁጥር ነው። የሸምሱም መንደር ውስጥ የሸምሱ ስልክ አንድ ቁጥር ነው። ሁለቱ መንደሮች ሲቀላቀሉ አንድ ብሎ የደወለ ሰው ማንን ሊያገኝ ነው?

«አንተ አሥራ አምስት ሁን» አልኩት በሞባይል።

«ለምን አሥራ አምስት እሆናለሁ? ዱራሜ ከእኔ በፊት ማን አለ?»

«እኔ አለሁ።»

«አንተ ሆሳዕና ነህ። ሆሳዕና ላይ አንድ ሁን፣ ማን ከለከለህ?»

«ሸምሱ፣ ሁለት አንድ የለም!»

«አንተን ካወቅኩህ ጀምሮ እኮ የለም። ሁልጊዜ አንድ አንተ ነህ።»

ሁለት ቀን እንደዚህ ተጨቃጨቅን። ወይዘሮ ብርቄ የሸምሱን ሞባይል ከእጁ ነጥቀው «አርባ ዓመት ሕፃናት አስተምሬያለሁ፤ ለወንበር እንዲህ የተጣላ ልጅ ግን አላየሁም» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን፣ ለሶላት ውዱእ ሳደርግ፣ መላው መጣልኝ። ጌትዌዩ መሐል ቆሞ ስም ይለውጥ! ሸምሱ በሀገሩ አንድ ይሁን፤ በሩን አልፎ ወደ እኛ ሲመጣ ግን ሁለት መቶ አንድ ተብሎ ይታይ። እኔም ቤቴ ውስጥ አንድ፣ ዱራሜ ስደርስ መቶ አንድ። ሰው በቤቱ አባወራ፣ በአማቾቹ ቤት አማች እንደሚባለው ማለት ነው። ማንም ክብሩ ሳይነካ ተስማማን። ይህን ዘዴ ሌሎችም ቀድመው አግኝተውታል አሉ። ሊሆን ይችላል፤ ውዱእ ሲያደርጉ ግን አይመስለኝም።

ከዚያ ወደ ዋናው ሥራ ገባን። እኔ አንዲት ትንሽ ማሽን በር አድርጌ አቆምኩ፤ አንዱ ፊቷ ወደ ሆሳዕና ቤቶች፣ ሌላው ፊቷ ወደ ውጭ። ሸምሱም እንዲሁ፤ አንዱ ፊቷ ወደ ዱራሜ ቤቶች፣ ሌላው ወደ ውጭ። ሁለቱ የውጭ ፊቶች አስፋልቱ ላይ ይገናኛሉ፣ ይጨባበጣሉ፣ አለቀ። ማሽኗ ስትዘጋጅ ብዙ ጥያቄ ትጠይቃለች። እንደ ቀበሌ ናት። ሁሉንም በትክክል መለስኩ። አንዲት ቀላል ጥያቄ ብቻ ለሸምሱ ክብር ስል እንደ ልማዴ ሳይሆን መለስኳት፤ እመጣባታለሁ።

ለሸምሱ ደወልኩለት።

«ከፍቻለሁ። ከፈትክ?»

«ከፍቻለሁ።»

«የመጣ ነገር አለ?»

«እየጠበቅኩ ነው።»

«እኔም እየጠበቅኩ ነው።»

ምንም አልመጣም። ማታም አልመጣም። በማግስቱ ሽቦውን ለወጥኩ። «የመጣ ነገር አለ?» «እየጠበቅኩ ነው።» በሦስተኛው ቀን ጥፋቱ የሣጥኑ አንቴና ነው ብዬ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። መሰላሉ ተንሸራተተና ቆርቆሮው ላይ ቀረሁ። የሰፈር ሰው ተሰብስቦ «ኔትወርኩ ደረሰ ወይ?» እያለ ከታች ይጠይቃል። የማልኩት እኔ ስለሆንኩ «እየመጣ ነው!» እላለሁ ከላይ። አሚና መሰላሉን መልሳ ልታቆም መጣችና ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

«ከሸምሱ ጋር ጠዋት በሞባይል አላወራችሁም?»

«አውርተናል።»

«ከሰዓት አላወራችሁም?»

«አውርተናል።»

«ምን አወራችሁ?»

«መገናኘት እንዳልቻልን።»

መሰላሉን ለማቆም ትንሽ ቆየች። ሆን ብላ ነው።

በአምስተኛው ቀን መብራት ሄደ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የመብራት ነው አልን። በስድስተኛው ቀን መብራት መጣ። ጥፋቱ ግን አልሄደም። እያንዳንዱን ቁጥር ለሸምሱ በሞባይል አነበብኩለት፤ እሱም አፍንጫው የኮምፒውተሩን መስታወት እስኪነካ ተጠግቶ አንድ በአንድ አመሳከረ። አንዲት ቁጥር ለማየት ዓይኑን ጠርጎ፣ ማጉያውን ጠርጎ፣ መስታወቱን ጠርጎ ነው። እኔ «ቶሎ በል እንጂ!» እለዋለሁ። በኋላ ግን ቁጥሮቹን ቀስ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ድሮ እኮ ሸምሱ የሰሌዳውን ቀዳዳዎች በጨለማ የሚያገኝ ሰው ነበር።

ለቅዳሜ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ከመጽሐፍም ከቪዲዮም መልስ ሳጣ፣ ሸምሱ ጋ ልሄድ ወሰንኩ። አሚና ከቡላና ከቅቤ የሚሠራውን አተካና ሠርታ በእንሰት ቅጠል ጠቀለለችልኝ። «ማሽኑ ባይሠራ እንኳን ይህ ይደርሳል» አለችኝ። መናኸሪያ ሄድኩ። «አንድ ሰው ቀረው!» ተባለ። ገባሁ። አምስት ሰው ተጫነ። አንዱ ጭኔ ላይ ነው።

ዱራሜ ስደርስ ዝናቡ ዶፍ ነው። ሸምሱ ድምፄን ሰምቶ ግድግዳውን እየዳበሰ እስከ ደጅ ወጣ። ተቃቀፍን። ከስቷል። ዓይኑ ላይ ነጭ ነገር ጋርዶታል፤ የሚያየኝ በእጁ ነው፤ ትከሻዬን፣ ኮቴን፣ ቆቤን ዳሰሰ።

«ይህ ቆብ አሁንም አለ?»

«የት ይሄዳል?»

«ግባ፣ ግባ፣ ዝናብ ነው።»

«አንተ ቅደም፣ ቤቱ ያንተ ነው።»

«እንግዳ እያለ እኔ ልቅደም? በአላህ ግባ!»

«ዓይንህ አያይም፣ አንተ ግባ።»

«ዓይኔ ባያይ ደንብ ይጠፋኛል? አንተ ቅደም!»

አንድ እግሩን አስገብቶ መልሶ አወጣው። እኔም እንዲሁ። ውሃው ከቆርቆሮው ጠርዝ በቀጥታ ሁለታችን አንገት ላይ ይወርዳል። አተካናውን ከኮቴ ሥር ሸጎጥኩት። ሻንጣ ልታሰናዳ ቀደም ብላ የመጣችው ዘሀራ ከውስጥ ጮኸች።

«አባዬ! አባባ! ምን ሆናችሁ ነው? ሁለታችሁም ከቆማችሁ ማን ይገባል? አንዳችሁ ጀምሩ እንጂ!»

እግሬ ደፍ ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ።

«ሸምሱ» አልኩት፣ «ማሽንህ፣ የውጭው ፊቷ፣ ስትጠይቅህ ምን ብለህ ነው የመለስክላት?»

«ምን ስትለኝ?»

«ትጀምራለህ ወይስ ትጠብቃለህ ስትልህ!»

«እጠብቃለሁ ነዋ ያልኩት» አለ ሸምሱ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ድምፅ። «ሁልጊዜ የምትጀምረው አንተ አይደለህ እንዴ?»

ያቺ እመጣባታለሁ ያልኩት ጥያቄ ይቺ ናት። በዕድሜዬ ሁሉ ሰው ሲያስቀድም ያልታየሁ ሰው፣ ሸምሱ ከሀገሩ ሊሄድ ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳን ላስቀድመው ብዬ «ጠብቅ» የምትለውን መረጥኩ። የእሱም በር ትጠብቃለች፣ የእኔም በር ትጠብቃለች። ያን ሁሉ ቀን አስፋልቱ ላይ ፊት ለፊት ቆመው እርስዎ ይቅደሙ፣ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ ሲባባሉ ከርመዋል። በሕይወቴ አንድ ቀን ትሑት ብሆን ሁለት ከተማ ዝም አሰኘሁ! ትሕትና ለለመደው ነው፤ እንደ ልብስ ሳይለካ የሚለበስ አይደለም።

ነገርኩት። ሸምሱ ደፉን ይዞ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ዘሀራ ሁለታችንንም ክንዳችንን ይዛ አስገባችን። ማን ቀድሞ እንደገባ እስካሁን አላወቅንም።

ፎጣ ተሰጥቶን ስንቀመጥ ሸምሱ «አንድ ነገር ልንገርህ» አለኝ። «ጥንት፣ ስልክ ቤት ሳለን፣ እኔ ከሥራ ሰዓት በፊት ገብቼ እጀታውን ይዤ ነበር የምቀመጠው።»

«ታዲያ ለምን አልደወልክም?»

«አንተ እንድትደውል። ገና በጀመርን ሰሞን አንድ ማለዳ ልደውል ስል ኃላፊዬ ይዞኝ፣ የሆሳዕናው ሰው ካልቀደመ ቀኑን ሙሉ መስመሩ ያኮርፋል አለኝ። እኔም ተውኩት። እጀታውን ይዤ ጥሪህን እጠብቃለሁ። ደግሞ ደስ ይል ነበር።»

እንግዲህ በየሰርጉ ያወራሁትን አስቡት። ያን ሁሉ ዓመት የቀደምኩት ሰው፣ ከእኔ በፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀኝ። ውሃ አምጡልኝ አልኩ።

ከሁለት አንዷ በር መጀመር ነበረባት። የእኔዋ ሆሳዕና ነች፤ በሩ ካልተከፈተ ደግሞ ከዱራሜ ሆኜ እጄ አይደርስባትም። ስለዚህ ጀማሪዋ የሸምሱ መሆን ነበረባት።

«እኔ? አንተን ቀድሜ?» አለ።

«ቅደም።»

«ታኮርፋለህ።»

«አላኮርፍም። ወላሂ።»

አፍንጫውን ወደ መስታወቱ አስጠጋ። እጁን ያዝኩለትና ጣቱን ጀምር የሚለው ላይ አሳረፍኩት። ተጫነ። ማሽኗ ትንሽ አሰበች፤ ቀይ የነበረችው መብራት አረንጓዴ ሆነች። ሸምሱ አረንጓዴውን አላየም፤ እኔ ነገርኩት። የጠረጴዛውን ስልክ አንስቶ በጣቱ እየዳበሰ መቶ አንድ ደወለ። ጠራ። ከተራራው ማዶ ቤቴ ውስጥ ሲጠራ ሰማሁት።

«ሃሎ፣ ማነው?» አለች አሚና።

«ሆሳዕና! ዱራሜ ነኝ!» ብሎ ጮኸ ሸምሱ፣ ድሮ ሽቦው ላይ ቁራ ሲቀመጥ በምንጮኸው ድምፅ። «አለሽ?»

«አለሁ። አተካናው ደረሰ?»

ቅዳሜ ማሽኗን ወይዘሮ ብርቄ ቤት ወስደን አስቀመጥናት። «ሶኬቷን ማንም እንዳይነካ» አልኳቸው። «የእኔ ሻይ ማፍያስ?» አሉ። ለሻይ ማፍያው ሌላ ሶኬት ዘረጋሁላቸው። ሸምሱ የጠረጴዛ ስልኩን ነቅሎ በጋቢ ጠቀለለው፤ እንዲህ ያለ መንደር ጥሩነቱ፣ ባለቤቱ ስልኩን ይዞ የትም ቢሄድ ቁጥሩ አይለወጥም። ዘሀራ «ሻንጣው ውስጥ አስገባው» ብትለው እምቢ አለ። ጭኑ ላይ አድርጎት ነው መኪና የገባው።

ቤቴ ተመልሼ፣ እሑድ ማለዳ መጀመሪያ የሆሳዕናን፣ ቀጥሎ የዱራሜን ቤቶች ልጠራ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ላነሳው እጄን ስዘረጋ፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ የእኔው ስልክ ጮኸ።

«ሆሳዕና! ዱራሜ ነኝ። አለህ?»

«አዲስ አበባ ነህ እንጂ ምን ዱራሜ ነህ» አልኩት።

«የማየው ነገር የለኝም፤ በየት አውቃለሁ? ዱራሜ ነኝ። አለህ ወይ?»

«አለሁ» አልኩት።

ቀደመኝ። አንድ ቀን ነው፣ ይሁንለት አልኩ። ሰኞ ግን ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደወልኩለት። ማክሰኞ እሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለ። ረቡዕ እኔ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ሐሙስ እሱ የንጋቱን ሱብሂ ሰግደን ሳንጨርስ። አሚና ስልኩን በትራስ ሸፈነችው። የዱራሜና የሆሳዕና ቤቶች ግን በሰዓታቸው ይጠራሉ፤ ወይዘሮ ብርቄም በየማለዳው «አለሁ፣ ሻይ ላይ ነኝ» ይላሉ። የተጣደፍነው እኔና እሱ ብቻ ነን።

ዛሬ ማለዳ ከሶላት ምንጣፍ እንደተነሳሁ ወደ ስልኩ ሄጄ ሁለት መቶ አንድ ደወልኩ። ተይዟል። ዘጋሁና እንደገና ደወልኩ። ተይዟል። እሱም በዚያው ሰዓት እኔን እየደወለ ኖሯል፤ ሁለታችንም ስንሽቀዳደም መስመሩን ዘግተነዋል። እሺ፣ ይደውል ብዬ ስልኩን አስቀምጬ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። ዝም። እሱም ይደውል ብሎ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል ማለት ነው። ሰዓቱ ይሄዳል። እኔ ስልኩን አያለሁ። አንድ ሰዓት ሊሆን ነው።

አሚና ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣችና፣ ስልኩን አንስታ፣ ደወለች።

«ሸምሱ፣ አለህ?» አለች። ትንሽ ሰማች። ወደ እኔ ዞራ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተችኝ።

«እዚህም አለ» ብላ ዘጋችው።